አሮጌውን የፊውዝ ሰሌዳ በብሬከር ሳጥን መቀየር፦ በኤሌክትሪክ ለሚጋግሩ የጎጃም ቤቶች

ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላም ይሁን ባሕር ዳር፣ በቆዩ ሰፈሮች አንዱ ቤት ገብተው ከበሩ ጀርባ ቀና ቢሉ ጥቁር የእንጨት ሰሌዳ ያያሉ። ሁለት የሸክላ ፊውዝ፣ አንድ ማጥፊያ፣ ጥቂት የደረቁ ሽቦዎች አሉበት። ሰሌዳው ሲሰቀል የቤቱ ጭነት አራት አምፖልና አንድ ራዲዮ ነበር። ዛሬ በዚያው በኩል የሚያልፈው ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ፍሪጅ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ ነው፤ ግቢው ውስጥ ተከራይ ካለ ደግሞ የተከራዩም ምጣድ ይጨመራል።

እንዲህ ያለውን ሰሌዳ በብሬከር ሳጥን (ብሬከር ጭነት ሲበዛ በራሱ የሚቆርጥ ማጥፊያ ነው) ስለመቀየር ይህን መመሪያ የጻፍኩት ቤቱን ለሚያሠራ ሰውና ሙያውን ገና ለጀመረ ወጣት ነው። ሽቦ የማገናኘቱን ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ም የሚያዘው ይህንኑ ነው። ባለቤቱ ግን ምን እንደሚገዛ፣ ባለሙያውን ምን እንደሚጠይቅና ሥራው እንዳለቀ በምን እንደሚያውቅ ሊረዳ ይገባል። ብዙ ቤት አዲስ ሳጥን ተገዝቶለት አሮጌው አደጋ ሳይነካ የቀረው ባለቤቱ የሚጠይቀውን ስላላወቀ ነው።

መቀየር እንዳለበት በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ ፊውዙን ይመልከቱ። በሸክላው ውስጥ መኖር ያለበት ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቀጭን ክር ነው። ለ15 አምፔር የሚሆነው ክር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የሚቀልጠውም እሱ ራሱ ተቃጥሎ ቤቱን ለማዳን ነው። በአብዛኛው ቤት ግን ፊውዙ ሲቃጠል ከተረፈ ኬብል ሁለት ሦስት ክር ተመዞ ይጠመጠምበታል። መብራቱ ይመጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያ ፊውዝ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፤ ጭነት ሲበዛ መቅለጥ ያለበት እሱ ሳይነካ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ይግላል።

ሌሎቹ ምልክቶች በየቀኑ የምናያቸው ስለሆኑ እንንቃቸዋለን። የምጣዱ መሰኪያ እግሮች ይጠቁራሉ፣ ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ይጣመማል። ሰሌዳው አጠገብ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ እጅግ ይደክማል። እዚህ ላይ ግን ጎረቤትን መጠየቅ ይገባል፤ የእነሱም አብሮ ከደከመ ችግሩ ከመስመሩ ሊሆን ስለሚችል ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የጥሪ ቁጥር 905 ደውሎ ማስመዝገብ ነው። የእርስዎ ብቻ ከደከመ ጉዳዩ ቤትዎ ውስጥ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ምጣዱ ወይም ፍሪጁ «ይነዝራል» የሚባለው ነገር ነው። «ጫማ አድርገሽ ጋግሪ» እየተባለ ዓመት የሚታለፍበት ቤት ብዙ ነው። መንዘር ማለት ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ወጥቷል፣ ወደ መሬት የሚወርድበት ሌላ መንገድ ስላጣም በሰው ገላ ያልፋል ማለት ነው። ይህ ያለበት ቤት ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ዕቃው ዛሬውኑ ይነቀል።

አሮጌ ሰሌዳ ሲወርድ ጀርባውን ማየት ጠቃሚ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) የታሰረበት ብሎን ግማሽ ዙር ላልቷል፤ በዙሪያው አረንጓዴና ጥቁር ዝገት አለ፤ የሽቦው ልባስ ከብሎኑ እስከ አንድ ጣት ርቀት ድረስ ሲነኩት እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። ሙቀቱ ዓመታት የሠራው እዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ ያንን የሞተ ጫፍ እስከ ጤነኛው ሽቦ ድረስ ሳይቆርጡ አዲስ ብሬከር ላይ ማሰር ዋጋ የለውም።

ከመግዛት በፊት፦ ሽቦውን መለካት

ሰው መደብር ሄዶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምጣድ ስንት አምፔር ብሬከር ይሆናል?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት ግን «ግድግዳዬ ውስጥ ያለው ሽቦ ስንት ይችላል?» የሚለው ነው። ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ቁጥሩ ዕቃው ከሚስበው በላይ፣ ሽቦው ከሚችለው በታች መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ቦታ ከሌለ የሚቀየረው ሽቦው ነው።

ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ከሰሌዳው የሚወጣውን እያንዳንዱን ሽቦ ጫፍ ገፍፎ በካሊፐር መለካት ነው። አንድ ወጥ የመዳብ ሽቦ ከሆነ ውፍረቱ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ከመጣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ 1.8 ከመጣ ባለ 2.5፤ 2.25 ከመጣ ባለ 4። ሰባት ክር ያለው ከሆነ አንዱን ክር ይለኩ፤ እያንዳንዱ ክር 0.67 ከሆነ ባለ 2.5፣ 0.85 ከሆነ ባለ 4፣ 1.04 ከሆነ ባለ 6 ነው። አዲስ የሚገዛውንም ሽቦ እዚያው መደብሩ ውስጥ እንዲሁ መለካት ነውር የለውም፤ ላዩ ላይ 2.5 ተብሎ ታትሞ ውስጡ ቀጭን የሆነ ሽቦ ገበያ ላይ አለ።

በግድግዳ ውስጥ በቱቦ ለሚሄድ የመዳብ ሽቦ እኔ የምከተለው ይህ ነው። ባለ 1.5 ለአምፖል፣ ብሬከሩ 10 አምፔር። ባለ 2.5 ለሶኬት፣ ብሬከሩ 16። ባለ 4 ለምጣድ፣ ብሬከሩ 20 ወይም 25። ባለ 6 ከሆነ እስከ 32። ከቆጣሪው ወደ ሳጥኑ ለሚመጣው ዋና መስመር ባለ 10 ሽቦና 40 አምፔር ዋና ብሬከር ለአብዛኛው ቤት ይበቃል።

አሁን ወደ ምጣዱ እንምጣ። የቤት ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3,500 ዋትን ለ220 ቮልት ብናካፍል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይህ ባለ 2.5 ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ያለበትን መስመር እስከ አፉ ይሞላዋል፤ የመጋገር ሥራ ደግሞ እንደ ካውያ ለአሥር ደቂቃ ሳይሆን ለሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ነው። ተራው ሶኬት በስሙ 16 አምፔር ቢልም ሰዓት ሙሉ ያንን ሲሸከም ይግላል። ስለዚህ ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ከሳጥኑ ተነሥቶ ምጣዱ ጋ እስኪደርስ ሌላ ምንም ሳይካፈለው በባለ 4 ሽቦ ይሂድ፤ መጨረሻውም ተራ ሶኬት ሳይሆን ለዚሁ የሚሆን ከበድ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ይሁን። ግቢው ውስጥ ሁለት ምጣድ ካለ ሁለት መስመር ያስፈልጋል።

የቤቱን ጠቅላላ ጭነት ለማወቅ ዕቃዎቹን ጽፎ መደመር ነው። ምጣድ 3,500፣ ባለ ሁለት ዐይን ስቶቭ 2,000፣ የውሃ ማሞቂያ 1,500፣ ካውያ 1,000፣ ፍሪጅ 150፣ ቴሌቪዥን 100፣ አሥር ባለ 9 ዋት አምፖል 90፤ ድምሩ 8,340 ዋት፣ ወደ 38 አምፔር ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበራ 40 አምፔር ዋና ብሬከር ይሸከመዋል። ቀጥሎ የቆጣሪውን ፊት ያንብቡ፤ 5(60) አምፔር የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለበት፣ በቅንፍ ውስጥ ያለው ቆጣሪው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። የቤትዎ ጭነት ከዚያ ካለፈ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን ሊያስገቡ ካሰቡ ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ተጨማሪ ኃይል መጠየቅ ይቀድማል።

የሚገዙት ዕቃዎች

ሳጥኑን ሲገዙ ሁለት ሦስት ባዶ ቦታ የሚተርፈው ይሁን። ቤቱ ይሰፋል፣ ዕቃው ይጨመራል።

ብሬከሩ ላይ ከቁጥሩ በፊት አንድ የላቲን ፊደል አለ። ቢ የሚለው ከራሱ መጠን ከ3 እስከ 5 እጥፍ የሆነ ድንገተኛ ፍሰት ሲመጣ ወዲያው ይጥላል፣ ማለትም ይቆርጣል፤ ሲ የሚለው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ላይ ነው። ለአምፖልና ለምጣድ ቢ ይስማማል፤ ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ሲነሡ ብዙ ስለሚስቡ ለእነሱ ሲ ይሻላል። በአካባቢዎ ሲ ብቻ ቢገኝ ሥራው አይቆምም። በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ 4500 ወይም 6000 የሚል ቁጥር ሊኖር ይገባል፤ ሾርት ሲፈጠር፣ ማለትም ሽቦዎቹ በቀጥታ ሲነካኩ፣ ብሬከሩ ሳይፈነዳ ሊቆርጠው የሚችለው አምፔር ነው። ይህ ጽሑፍ የሌለበትን፣ ወይም ጽሑፉ በጥፍር ሲፈቀፈቅ የሚለቀውን ብሬከር በርካሽ ስለተገኘ ብቻ አይውሰዱ። ማንሻውን ከፍ ዝቅ አድርገው ይሞክሩት፤ ጠብቆ «ቀጭ» ማለት አለበት።

ቀጥሎ አርሲዲ። በብዙ ቤት «ውድ ነው» ተብሎ የሚቀረው ይኸው ዕቃ ነው፤ የሰውን ሕይወት የሚያተርፈው ግን እሱ ነው። ብሬከር ሽቦን ይጠብቃል እንጂ ሰውን አያውቅም፤ ሰው ለመግደል የሚበቃው ፍሰት ከአንድ አምፔር በጣም ያነሰ ስለሆነ 10 አምፔር ብሬከር ምንም አይሰማውም። አርሲዲ በፌዝ (ኃይሉ በሚመጣበት ሽቦ) የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን እያመዛዘነ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ ወይም ሲሞላ ይቆርጣል። ባለ 30 ሚሊ አምፔሩን፣ የመሸከም አቅሙ 40 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይግዙ። አቅም ካለ ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ለምጣድና ለውሃ ማሞቂያ፣ ሌላው ለቀረው ቤት። ምጣዱ ሲያስቸግር ፍሪጁ አብሮ እንዳይጠፋ ነው።

ከዚህ ሌላ የኒውትራልና የኤርዝ ባር (ሽቦዎቹ በአንድ ላይ የሚታሰሩበት ብረት)፣ የኤርዝ ዘንግ ከነማሰሪያው፣ አረንጓዴ ቢጫ የኤርዝ ሽቦ፣ ሞርሴቶ (የሽቦ ማገናኛ)፣ ናስትሮ (ማሸጊያ ቴፕ)፣ የቱቦና የስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ትርፍ ያስፈልጋል። ኤርዝ ማለት ወደ ዕቃው ብረት የወጣውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር ነው። የዝናብ ወራት መብረቅ ለሚበዛበት ደጋ የመብረቅ ሞገድ መከላከያ ከሳጥኑ ጋር ቢገባ ጥሩ ነው። ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ ተጠምዝዘው ከታሰሩ በእርጥበት ይበላላሉ፣ መጋጠሚያውም እየጋለ ይሄዳል። ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለ፤ ያ መገናኛ ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ግን ሥራው የአገልግሎቱ ሠራተኞች ነው።

ቀኑን መምረጥና ኃይል ማስቋረጥ

በጋ ይሁን፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግድግዳውም ጣሪያውም እርጥብ ነው። የበዓል ዋዜማ አይሁን። እንጀራው ለሁለት ቀን አስቀድሞ ይጋገር፣ ውሃ ይቀዳ፣ ተከራዮች ይነገራቸው። ሥራው ጠዋት ተጀምሮ በብርሃን ማለቅ አለበት።

ከቆጣሪው ቀጥሎ ማጥፊያ ብሬከር ካለ እሱን አጥፍቶ ማንም እንዳይነካው ማሸግ፣ አንድ ሰውም አጠገቡ እንዲቆም ማድረግ ይበቃል። ከሌለ ወደ አገልግሎት ማዕከሉ አመልክቶ ማስቋረጥ ነው። የቆጣሪው ማሸጊያ የእርስዎም የባለሙያውም ስላልሆነ አይበጠስም።

ሁለት ነገር አጥብቄ ልናገር። መብራት ስለጠፋ ብቻ «አሁን እንሥራው» ማለት ሞትን መጥራት ነው፤ የጠፋው መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። የካርድ ቆጣሪ ሂሳቡ አልቆ ቤቱ ሲጨልምም ኃይል ተቋርጧል ማለት አይደለም፤ ወደ ቆጣሪው የሚገባው ሽቦ እንዳለ ነው። ጄኔሬተር ወይም የሶላር ኢንቨርተር ያለበት ቤት ደግሞ እሱም ከቤቱ መስመር ይነቀል፤ ከጎረቤት የተሳበ መስመር ካለም እንዲሁ።

ከዚያ መፈተሽ። መለኪያውን መጀመሪያ ኃይል እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ፣ ለምሳሌ በጎረቤት ሶኬት ይሞክሩት፤ ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ፌዝና ኒውትራል፣ ፌዝና መሬት፣ ኒውትራልና መሬት ይለኩ፤ ከዚያ ተመልሰው መለኪያው አሁንም መሥራቱን ያረጋግጡ። በካቻቪቴ ቅርጽ የሚሸጠው ባለ አምፖል ቴስተር ለዚህ አይታመንም። ጫማዎ ደረቅ ከሆነ ወይም የቀን ብርሃን ከበዛ «የለም» ብሎ ሊያታልል ይችላል። መልቲሜትር ይያዙ።

አሮጌውን ማውረድ

ምንም ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ሽቦ ሲፈታ በናስትሮ ላይ «ሳሎን አምፖል»፣ «ጓዳ ሶኬት»፣ «ሰርቪስ ቤት» እየተባለ ይጻፍበት። ቀለም ብቻ አይመኑ። በቆዩ ቤቶች ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ነው፤ በአዲሶቹ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል ነው፤ በየዘመኑ ለተጠገነ ቤት ደግሞ አረንጓዴው ፌዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ከተገኘ ይቀየር።

ኮርኒሱ በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ከሆነ በዚያው ቀን ከፍቶ ማየት ይገባል። አይጥ ልባሱን በልቶት መዳቡ ጨርቁን ነክቶ የተቀመጠበት ሽቦ ብዙ ቦታ አለ። አዲስ ሳጥን ይህን አይፈውሰውም፤ ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይግባ።

አዲሱን ሳጥን መስቀል

ቦታው ደረቅ፣ ከማድ ቤቱ ጭስና እንፋሎት የራቀ፣ በጨለማ በእጅ ተዳሶ የሚገኝ ይሁን። ከወለሉ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ለአዋቂ ይመቻል፣ ሕፃን አይደርስበትም። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ በትራፓኖ በስቶ በፊሸር ማሰር ቀላል ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ግን ውስጡ እንጨትና ጭድ ስለሆነ ሳጥኑን በቀጥታ አያስቀምጡት፤ ከኋላው ሳጥኑን በሁሉም ጎን የሚያልፍ የሲሚንቶ ልስን ወይም ልሙጥ የብረት ላሜራ ይደረግ፣ ብሎኑም የቤቱን ማገር ወይም ቋሚ ይያዝ። ልስን ላይ ብቻ የታሰረ ሳጥን ከዓመት በኋላ ይንጠለጠላል። ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይኑረው፤ ያልተጠቀሙበት ቀዳዳ ይደፈን፣ በረሮና አይጥ ቤት አያድርገው።

ኤርዝ

ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሳጥኑ አምሮ ኤርዝ የሌለው ቤት እጅግ ብዙ ነው።

የኤርዝ ዘንግ ቢያንስ ሜትር ተኩል፣ ቢቻል ሁለት ሜትር ይሁን። በጎጃም መሬቱ አንድ ዓይነት አይደለም። በቢቸናና በደጀን በኩል ያለው መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ስለሚይዝ ኤርዙ ግሩም ይሆናል፤ በጋ ላይ ግን ጥቁሩ አፈር ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉም ይላቀቃል። ስለዚህ በመረሬ መሬት ዘንጉ ከስንጥቁ በታች እንዲወርድ ረጅም መሆን አለበት። የቡሬና የአዊ ቀይ አፈር ብዙም አይሰነጠቅም፣ ዘንጉንም በቀላሉ ይቀበላል። ባሕር ዳር ደግሞ ብዙ ቦታ ትንሽ እንደተቆፈረ ጥቁር ድንጋይ ይመጣል፤ ዘንጉ አልገባ ሲል ግማሹን ቆርጦ መጣል የተለመደ ቢሆንም ኤርዝ አይባልም። ቦታ ቀይሮ መሞከር፣ ካልሆነም ሰባ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ረጅም ቦይ ቆፍሮ ራቁቱን የመዳብ ሽቦ አጋድሞ መቅበር ይቻላል። አንድ ዘንግ ካልበቃ ሁለተኛው ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል ርቆ ይተከላል።

ብዙ ሰው ጨውና ከሰል ያፈስበታል። ጨው ለጊዜው ንባቡን ያሳምረዋል፤ ነገር ግን ብረቱን ይበላዋል፣ የጎጃም ክረምትም አጥቦ ይወስደዋል። ጥሩ ለም አፈር ጠቅጥቆ፣ የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት አጠገብ መትከል ይሻላል። ከዘንጉ እስከ ሳጥኑ ድረስ ባለ 16 የመዳብ ሽቦ ሳይቆራረጥ ይምጣ፤ ማሰሪያው ተቀብሮ ሳይጠፋ በትንሽ ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይታይ። የውሃ ቧንቧን እንደ ኤርዝ መጠቀም ዛሬ አይሠራም፣ ቧንቧው አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ከሶኬቱ ውስጥ ኒውትራልን ከኤርዝ እግር ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት ደግሞ ወንጀል ያህል ነው፤ ኒውትራሉ የተቋረጠ ቀን የምጣዱ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል።

የኤርዙን ጥራት በመለኪያ መሣሪያ የሚለካው ባለሙያ ከ10 ኦህም በታች ቢያገኝ ደስ የሚል ነው። ልኬቱ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ አፈሩ ሲደርቅ ቢወሰድ እውነተኛውን ይናገራል።

አንድ ነገር ሳይታወቅ ይቀራል፦ ሳጥኑ ጋ ኤርዝ ስለመጣ ሶኬቶቹ ኤርዝ አገኙ ማለት አይደለም። አሮጌ ቤት በሁለት ሽቦ የተሠራ ነው። ሁሉንም መቀየር ካልተቻለ ቢያንስ ለምጣድ፣ ለውሃ ማሞቂያና ለፍሪጅ አረንጓዴ ቢጫ ሽቦ አሁኑኑ ይሳብ፤ የቀረው እየቆየ ይደርሳል።

ማገናኘት

ከቆጣሪ የመጣው ፌዝና ኒውትራል መጀመሪያ ዋናው ባለ ሁለት እግር ብሬከር ውስጥ ይገባሉ፤ ከእሱ ወደ አርሲዲ፤ ከአርሲዲው ፌዝ በማበጠሪያ ባር (ብሬከሮቹን በአንድ ላይ በሚያገናኝ ባለ ጥርስ መዳብ) ወደ ትናንሾቹ ብሬከሮች፣ ኒውትራሉ ወደ ኒውትራል ባር። ኤርዞቹ ሁሉ ወደ ራሳቸው ባር። የኒውትራሉና የኤርዙ ባር አይነካኩም። ሁለት አርሲዲ ካለ ሁለት የተለያየ ኒውትራል ባር ያስፈልጋል፤ የአንዱ ክፍል ኒውትራል ሌላው ባር ላይ ከታሰረ አርሲዲዎቹ ያለ ምክንያት እየጣሉ ያማርራሉ። በአሮጌ ቤቶች ሁለት ክፍል አንድ ኒውትራል ተጋርቶ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ፣ እንዲህ ያሉትን በአንድ ብሬከር ሥር ማድረግ ወይም አዲስ ኒውትራል መሳብ ይገባል።

በአንድ ብሬከር አፍ አንድ ሽቦ። ሲታሰር ልባሱ በብሎኑ ሥር አይያዝ፣ መዳቡም ውጭ አይታይ። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ ጫፉ ላይ የሽቦ ቆብ ይጨመቅበት፣ አለዚያ ክሮቹ እየተበተኑ ይላላሉ። ታስሮ ሲያልቅ እያንዳንዱን ሽቦ ጠንከር አድርጎ መጎተት ነው፤ የወጣ ካለ አሁን ይውጣ።

ከማብራት በፊት

ዕቃ ሁሉ ይነቀል፣ አምፖሎች ይውጡ፣ አርሲዲው ይፈታ። ባለሙያው በሜገር (የሽቦን ልባስ ጤንነት በሚለካ መሣሪያ) በ500 ቮልት እያንዳንዱን መስመር በሽቦዎቹና በኤርዝ መካከል ይለካ፤ ከ1 ሜጋ ኦህም በታች የመጣ መስመር አይበራም፣ ጉዳቱ ይፈለጋል። ይህን ልኬት «አያስፈልግም» ለሚል ባለሙያ ክፍያውን አያጠናቅቁ።

ከዚያ አርሲዲው ተመልሶ ይታሰርና ዋናውና እሱ ብቻ ይብሩ። ፌዝና ኒውትራል ወደ 220 ቮልት ይሰጣሉ፤ ፌዝና ኤርዝም እዚያው አካባቢ መሆን አለባቸው፤ ኒውትራልና ኤርዝ ጥቂት ቮልት ብቻ። ፌዝና ኤርዝ በጣም ዝቅ ካሉ ኤርዙ ደካማ ነው። የአርሲዲውን የመሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ፤ ወዲያው መጣል አለበት። ከዚያ ትናንሾቹን አንድ በአንድ ያብሩ፣ ምጣዱን ከሁሉ በኋላ። ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ብሬከሩን በእጅ ጀርባ ይዳስሱ፤ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ብሎኑ አልጠበቀም።

ሲጥል ምን ይደረጋል?

«ይኼ ባለ 20 ብሬከር እየጣለ አስቸገረን፣ 32 አድርግልን» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። መልሱ፣ ሽቦው ባለ 6 ካልሆነ፣ አይሆንም ነው። ብሬከሩን ማሳደግ የሸክላ ፊውዙን በወፍራም ክር ከመጠምጠም አይለይም።

ብሬከር ከደቂቃዎች በኋላ የሚጥል ከሆነ ጭነት በዝቷል። ገና ሲነሣ የሚጥል ከሆነ ሾርት አለ፤ ደጋግሞ ማንሣት ሽቦውን መጉዳት ነው። የሚጥለው አርሲዲው ከሆነ ወደ መሬት የሚያፈስ ነገር አለ። ሁሉንም ብሬከር አጥፍተው አርሲዲውን ያንሡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ያብሩ፤ የሚጥልበት መስመር ላይ ያሉትን ዕቃዎች እየነቀሉ ይለዩ። ሁሉም ጠፍቶ እንኳ አርሲዲው አልነሣ ካለ፣ ትናንሾቹ ብሬከሮች ፌዙን ብቻ እንጂ ኒውትራሉን ስለማይቆርጡ፣ አንድ ቦታ ኒውትራሉ ኤርዙን ነክቷል ማለት ነው፤ ባለሙያ ይጠራ።

ክረምት ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ምጣዱ ነው። ሸክላው እርጥበት ይይዛል፣ ሊጥ በስንጥቁ ገብቶ ሽቦውን ይደርሳል። ምጣዱ ይጠገን፣ ሸክላው የተሰነጠቀ ከሆነ ይቀየር። «አርሲዲውን አውጥተን በቀጥታ እናገናኘው» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ያሳዩት፤ አርሲዲው የጣለው በጋጋሪዋ እጅ ሊያልፍ የነበረውን ነው።

አምፖሎች በድንገት እጅግ ደምቀው ከበሩ ወይም አንዱ ክፍል ደምቆ ሌላው ከደከመ የመስመሩ ኒውትራል ተበጥሶ ይሆናል። ያኔ ዋናውን ወዲያው አጥፍቶ ወደ 905 መደወል ነው፤ ቮልቴጁ እስከ 380 ሊወጣ ስለሚችል በደቂቃዎች ውስጥ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያቃጥላል። ቮልቴጅ ሲበዛና ሲያንስ በራሱ የሚቆርጥ መከላከያ ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ ማስገባት ለዚህ ይጠቅማል፤ መብራት ሲመጣም ጥቂት ጠብቆ የሚያበራውን ይምረጡ።

በመጨረሻም በሳጥኑ ክዳን ውስጥ የእያንዳንዱ ብሬከር ስም በአማርኛ፣ በማይጠፋ ቀለም ተጽፎ ይለጠፍ፤ የሽቦው ውፍረትም አብሮ ይጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ብሬከሩን ከመቀየሩ በፊት ያየዋል። ከአንድ ወር በኋላ ኃይል ተቋርጦ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ፤ አዲስ የታሰረ መዳብ ሲሞቅና ሲበርድ ይላላል። የአርሲዲውን የመሞከሪያ ቁልፍ ደግሞ በየወሩ መጀመሪያ ቀን ይጫኑ። ሲጫን ካልጣለ በዚያው ሳምንት ይቀየር።